«ለጊዜው» የተከፈተች በር

መስመሩ ከሌሎቹ መስመሮች በምንም አይለይም ነበር። ቀን፣ ሰዓት፣ ከየት፣ ወዴት፣ በየትኛው ፖርት (ቁጥር የተሰጠው የማሽን በር)፣ ተፈቅዷል። የኔትወርኩ በር ጠባቂ የሆነው የፋየርዎል መዝገብ እንዲህ ያለውን መስመር በሰከንድ በመቶዎች ይተፋል፤ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ላንብብ የሚል ሰው ዕድሜው አይበቃውም። የመሥሪያ ቤታችንን ኔትወርክ የምጠብቀው እኔም እያነበብኩት አልነበረም። ሌላ ነገር ፍለጋ፣ ዓይኔ በድካም እየተከደነ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ መዝገቡን ወደ ታች ሳንሸራትት አንድ አድራሻ ደጋግሞ ሲያልፍ አየሁ። በ23 ቁጥር ፖርት ወደ ውጭ ይወጣል። ወደ አንድ ቦታ ቢሆን ኖሮ ምናልባት አልፈው ነበር። ይሄ ግን በየሰከንዱ እርስ በርሳቸው ወደማይገናኙ አድራሻዎች ነው የሚሄደው፤ ሰፈሩን እየዞረ በር ሁሉ እንደሚሞክር ሰው።

አድራሻውን በዕቃ ዝርዝሬ ውስጥ ፈለግኩት። የደህንነት ካሜራዎቹን ምስል የሚያስቀምጠው መቅጃ ነበር።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ሳቅኩ። ሌባ እንዲጠብቅ የተገዛ ዕቃ ሌሊቱን የሰው በር ሲነካካ ያድራል።

አጥፍቼ አስነሣሁት። ማንኳኳቱ ቀጥ አለ። እፎይ ብዬ ፊቴን ልታጠብ ወጣሁ። ስመለስ እንደገና ጀምሯል፤ አሥር ደቂቃ እንኳ አልሞላም። የገባበት ፕሮግራም በሜሞሪ ውስጥ ብቻ የሚኖር ዓይነት ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት ይጠፋል። ነገር ግን በሩ ገርበብ ብሎ እስከተተወ ድረስ፣ እንደ እሱው ተይዘው ዓለምን ሲያስሱ ከሚያድሩት መቅጃዎችና ራውተሮች አንዱ ብዙም ሳይቆይ ያገኘዋል፤ መልሶም ይተክልበታል። ታዲያ በሩ የቱ ነው? ይህን ለማግኘት ሌላ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። በፋየርዎሉ ደንቦች መካከል አንዲት መስመር ነበረች፦ ከየትም፣ ወደ መቅጃው፣ በማንኛውም ፖርት፣ ይለፍ። በማስታወሻው ሳጥን ውስጥ «ለጊዜው፤ ለጥገና ባለሙያው» ተብሎ ተጽፏል። ከጎኑ ቀኑና የጸሐፊው ስም አለ። ቀኑ የአራት ዓመት ነው። ስሙ የእኔ ነው።

ቀኑን አስታወስኩት። ባለሙያው በስልክ ላይ ነበር፣ እኔም ለስብሰባ ዘግይቻለሁ። «የትኛውን ፖርት ነው የምትፈልገው?» ብዬ ጠየቅኩት። እሱም አያውቀውም። «ሁሉንም ክፈትልኝ፤ ስጨርስ እደውልልሃለሁ» አለኝ። አልደወለም። እኔም ስልኩን ስጠብቅ ነበር ብል ውሸት ይሆናል።

በማግስቱ «ለጊዜው» የሚለውን ቃል በደንቦቹ ማስታወሻዎች ውስጥ አንድ በአንድ ፈለግኩ። አሥራ ዘጠኝ ቦታ ተገኘ። ስድስቱ የእኔ ናቸው። አንዱን የጻፈው ባልደረባችን ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ የከፈተው በር ግን አሁንም በሥራ ላይ ነበር።

የመቅጃው ዓይነት ጥቃት ዝነኛ ዘመድ አለው። ሚራይ የተባለው ፕሮግራም በ2016 ሲነሣ (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ብዙ ሰው የአንድ ታላቅ መንግሥት እጅ ያለበት መስሎት ነበር። በሴፕቴምበር የአንድ የደህንነት ጋዜጠኛ ድረ ገጽ በሰከንድ 620 ጊጋቢት ገደማ በሆነ ጎርፍ ተመታ። ኦክቶበር 21 ደግሞ የድረ ገጾችን ስም ወደ አድራሻ የሚተረጉመው ዳይን የተባለ ድርጅት ተጥለቀለቀና ትዊተር፣ ኔትፍሊክስና ሬዲት ለብዙ ተጠቃሚዎች ለሰዓታት ጠፉ። በኋላ ሲጣራ ሚራይን የጻፉት ሦስት ወጣቶች ሆነው ተገኙ፤ ነገሩም የተጠነሰሰው በማይንክራፍት ጨዋታ ሰርቨሮች ዙሪያ በነበረ ሽሚያ ነው። ፕሮግራሙ የረቀቀ አልነበረም። ከ60 የሚበልጡ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ጥንዶችን ይዞ ይዞራል፤ ዕቃዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ይዘዋቸው የሚወጡትን ማለት ነው። ስሙ «አድሚን» ከሆነ ቃሉም «አድሚን»፣ ስሙ «ሩት» ከሆነ ቃሉ 12345። በዚህ ብቻ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎች፣ መቅጃዎችና ራውተሮች እጅ ሰጡ።

የእኔ መቅጃ የይለፍ ቃልስ? በመመሪያው ደብተር ሁለተኛ ገጽ ላይ የታተመው ነበር። ማንም አልለወጠውም። ማንም ስል እንግዲህ ማን እንደሆነ አንባቢ ያውቃል።

ስለ ኔትወርክ ጥበቃ ስናወራ ብዙ ጊዜ ስለ ግንብ እናወራለን። ፋየርዎልን ለአለቆቼ ሳስረዳ እኔም «እንደ ኬላ ነው፤ የሚገባውን እየፈተሸ ያስገባል» እል ነበር። ችግሩ እዚያው ንግግሬ ውስጥ ነበር፤ የሚወጣውን ማን ይፈትሻል? በአብዛኞቹ ቢሮዎች ከውስጥ ወደ ውጭ የሚሄድ ነገር ሁሉ ያለ ጥያቄ ያልፋል፤ ውስጥ ያለው ሁሉ የራሳችን ነው ተብሎ ስለሚታሰብ። አጥቂ የሚፈልገውም ይህን ነው። አንድ ማሽን ላይ እግሩን ካሳረፈ በኋላ ትእዛዝ የሚቀበለው፣ የሰረቀውንም የሚያሸሸው ወደ ውጭ በሚወጣው መስመር ነው። የካሜራ መቅጃ ከሁለትና ከሦስት የውስጥ ማሽኖች በስተቀር ከማንም ጋር የሚያነጋግረው ጉዳይ የለውም። ፋየርዎሉ ይህን እንዲያውቅ ቢደረግ ኖሮ፣ መቅጃው ቢያዝ እንኳ ድምፁ ከግቢ ባልወጣ ነበር።

ስለዚህ ነገሩን ገለበጥኩት። እያንዳንዱ ዕቃ ከማን ጋር መነጋገር እንዳለበት ይጻፍ፤ ያልተጻፈው ሁሉ ይከልከል። ሲወራ ቀላል ነው። ሦስት ወር ፈጀ። ለመጻፍ መጀመሪያ ምን እንዳለን ማወቅ ያስፈልጋልና ኔትወርኩን ሳስስ፣ በዝርዝሬ ላይ ከነበሩት በሰባ ያህል የሚበልጡ ዕቃዎች «አቤት» አሉኝ። አንዳንዶቹ ሰዎች ከቤታቸው አምጥተው የሰኩዋቸው ራውተሮች ነበሩ። አንዱ በአንድ ጠረጴዛ ስር፣ በወረቀት ካርቶኖች ተከልሎ፣ አቧራ ለብሶ የሚሠራ ሰርቨር ነው። ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። የይለፍ ቃሉንም እንደዚሁ። አጠፋሁትና ማን እንደሚጮህ ጠበቅኩ፤ አንድ ወር ሙሉ የጮኸ የለም። (ይህን ዘዴ ለማንም አልመክርም፤ ግን ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።)

የተረሳ መስመር የሚያደርሰውን ነገር ከእኔ መቅጃ በላይ የሚያሳይ ታሪክ በ2003 ተፈጽሟል። ጃንዋሪ 25 ቀን ስላመር የተባለው ትል፣ ማለትም ራሱን እያባዛ ከማሽን ወደ ማሽን የሚሰራጭ ፕሮግራም፣ ተለቀቀ። መላው አካሉ 376 ባይት ነው፤ ይህ አንቀጽ እንኳ ከእሱ ይረዝማል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የተያዙት ማሽኖች ቁጥር በየ8.5 ሰከንዱ እጥፍ ይሆን ነበር። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሊያዙ ከሚችሉት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ተይዘው አልቀዋል፤ በጠቅላላው ቢያንስ 75,000 ማሽኖች። በኦሃዮ ያለው ዴቪስ ቤሲ የተባለው የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ፋየርዎል ትሉ የሚጠቀምበትን ፖርት የዘጋ ነበር። ትሉ ግን በፋየርዎሉ አልመጣም። ከአንድ የሥራ ተቋራጭ ኔትወርክ ወደ ውስጥ የተዘረጋ፣ ፋየርዎሉን በጎን የሚያልፍ መስመር ነበርና በዚያ ገባ። የማመንጫውን የደህንነት መለኪያዎች የሚያሳየው ሥርዓት ለአምስት ሰዓት ያህል ከሥራ ውጭ ሆነ። ደግነቱ ማመንጫው ያኔ ለጥገና ቆሞ ነበር። ያ መስመር ሲዘረጋ ሰዎቹ ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ መገመት ግን አያቅተኝም።

ስላመር የተጠቀመበትን ክፍተት የሚደፍነው ማስተካከያ ከወጣ ስድስት ወር አልፎት ነበር። ይህን የሚሰማ ከሙያው ውጭ ያለ ሰው «እና ለምን አልጫናችሁትም?» ይላል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ምላሹ ግን ስንፍና ብቻ አይደለም። ፓች የምንለው ማስተካከያ አንዳንዴ የሚሠራውን ነገር ያበላሻል። አንድ ጊዜ የሒሳብ ሥርዓቱ በሚሠራበት ሰርቨር ላይ በወር መጨረሻ ምሽት ማስተካከያ ጫንኩ። ጠዋት ደመወዝ የሚሠሩት ሰዎች መግባት አቃታቸው። አለቃዬ በስድስት ሰዓታት ውስጥ አራት ጊዜ መጥቶ ከጀርባዬ ቆመ፤ አንድም ቃል አልተናገረም፣ መቆሙ ይበቃ ነበር። ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል ያንን ሰርቨር አልነካሁትም። ያልተፈጸመ ጥቃት የሚያመሰግነው የለውም፤ ያቆምከውን ሥራ ግን ሁሉም ያውቀዋል። የመዘግየታችን ዋና ምክንያት ይህ ይመስለኛል፣ የቴክኒክ እውቀት ማነስ አይደለም። አሁን ማስተካከያውን መጀመሪያ ቢበላሹም ሥራ በማያቆሙ ጥቂት ማሽኖች ላይ እጭናለሁ፣ ሁለት ቀን እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ሌሎቹ ላይ። ከውጭ የሚታዩት ሰርቨሮች ሲሆኑ ግን ሁለት ቀንም አልጠብቅም።

ማስተካከያ መጫን ሁሉን ይፈታል ብሎ ለሚያምን ሰው ደግሞ ጁን 27 ቀን 2017 አለ። ኖትፔትያ የተባለው ጥፋት የገባው ራሱ በዝማኔ ተሸፍኖ ነው፤ በዩክሬን በሰፊው የሚሠራበት አንድ የሒሳብ ፕሮግራም ለደንበኞቹ በሚልከው ዝማኔ ውስጥ። ከገባ በኋላ ካልተደፈነ ማሽን ወደ ማሽን አስቀድሞ በታወቀ የዊንዶውስ ክፍተት ይዘላል፤ ማሽኑ የተደፈነ ከሆነ ደግሞ ከሜሞሪ ውስጥ የአስተዳዳሪዎችን የይለፍ ቃል ነቅሶ በተሰጠ ቁልፍ እንደሚገባ ሰው ይገባል። ቤዛ ይጠይቃል፤ ነገር ግን ቢከፈለውም የሚመልሰው ነገር አልነበረም።

የመርከብ ድርጅቱ ማርስክ ከተመቱት አንዱ ነው። የዚያን ድርጅት ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ቆም እላለሁ። ማን ሠራተኛ እንደሆነ፣ ማን ምን እንደሚፈቀድለት የሚያውቁት ዶሜይን ኮንትሮለር የሚባሉት ሰርቨሮች በዓለም ዙሪያ 150 ያህል ነበሩ፤ አንዱ የሌላውን ስለሚቀዳ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተካዋል ተብሎ ነው የታሰበው። ሁሉም በአንድ ጊዜ እንደሚጠፉ ያሰበ አልነበረም። ጠፉ። አንዱ ብቻ ቀረ፤ ጋና ውስጥ ያለው። የተረፈውም ጥቃቱ ከመድረሱ በፊት መብራት ጠፍቶበት ከኔትወርኩ ውጭ ስለነበረ ነው። ቅጂውን በመስመር ለመላክ የጋናው ግንኙነት እጅግ ዘገምተኛ ሆነ። መልሶ የመገንባቱ ሥራ ወደሚመራበት ብሪታንያ በአካል ይዞ እንዳይሄድ የጋናው ሠራተኛ የብሪታንያ ቪዛ አልነበረውም። ስለዚህ ናይጄሪያ ድረስ በረረና በአውሮፕላን ማረፊያ ዲስኩን ለሌላ ባልደረባ አስረከበ፤ እሱም ወደ ለንደን ይዞት ሄደ። ከዚያ በአሥር ቀን ውስጥ 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር እንደ አዲስ ተጫነ።

ከዚህ ታሪክ በኋላ መጠባበቂያ ቅጂዎቼን ሄጄ አየሁ። ሁሉም በሌላ ሰርቨር ላይ ነበሩ፤ ያም ሰርቨር በዚያው ኔትወርክ፣ በዚያው የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል የሚከፈት። ቅጂ አለን እያልን የያዝነው ከዋናው ጋር አብሮ የሚቃጠል ነገር ነበር። አሁን አንዱ ቅጂ ከተቀዳ በኋላ ገመዱ ይነቀላል። እጅ ነው የሚነቅለው፣ ፕሮግራም አይደለም። በየሦስት ወሩም ከቅጂው አንዱን ሰርቨር በባዶ ማሽን ላይ መልሼ አስነሣለሁ። የመጀመሪያው ሙከራ ከሽፏል፤ ቅጂው ለስምንት ወር ባዶ ፋይል ሲቀዳ ኖሯል።

ከመቅጃው ጉዳይ በኋላ አንድ ሻጭ መጥቶ ነበር። ጥቃትን በራሱ የሚለይ፣ በራሱ የሚያግድ፣ ዋጋው የአንድ ሠራተኛ የዓመት ደመወዝ የሚያህል ሣጥን። በሙከራው ወር በቀን ሁለት ሺህ ያህል ማስጠንቀቂያ ላከልኝ። በሦስተኛው ቀን ማንበብ አቆምኩ። በ2013 ታርጌት በተባለው የአሜሪካ የመደብር ድርጅት የደረሰውን ያስታወሰኝ ይህ ነው። ሌቦቹ የገቡት የማቀዝቀዣ ሥራ ከሚሠራ ተቋራጭ በተሰረቀ የይለፍ ቃል ነበር፤ 40 ሚሊዮን ያህል የክፍያ ካርዶች መረጃ ተወሰደ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንላለን። እዚያ ግን ውሻው በሰዓቱ ጮኾ ነበር፤ ውድ የሆነው መከላከያቸው ማስጠንቀቂያውን ልኳል። ከሌላው ጩኸት ለይቶ የሰማው ሰው ነው የጠፋው።

ለይቶ መስማት ሲባል ሁለት ሰዎች ወደ አእምሮዬ ይመጣሉ። አንደኛው ክሊፎርድ ስቶል ነው። በ1986 በካሊፎርኒያ ሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ የኮምፒውተር ሥራ የተሰጠው የሥነ ፈለክ ባለሙያ ነበር። የኮምፒውተር አጠቃቀም ሒሳቡ 75 ሳንቲም አልገጥም አለው። ዶላር እንኳ አይሞላም። ሌላ ሰው ቢሆን ከኪሱ ከፍሎ ይዘጋው ነበር። እሱ ግን ከየት እንደመጣ ሊያውቅ ፈለገ፤ ያለ ፈቃድ የገባ ሰው የተጠቀመበት ሆኖ ተገኘ። አንድ ቅዳሜና እሑድ ከየቢሮው አታሚዎችንና ተርሚናሎችን ለቃቅሞ በሚገቡት የስልክ መስመሮች ላይ ቀጠላቸው፤ ሰርጎ ገቡ የሚጽፈው ሁሉ በወረቀት ላይ እንዲወርድ። በመጨረሻም ምንም እውነት የሌለበት የመከላከያ ሰነድ ፈጥሮ አስቀመጠ፤ ሰርጎ ገቡ ያንን ሲቀዳ መስመር ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፣ የስልክ ሰዎችም ይደርሱበታል። ደረሱበት፤ ጀርመን፣ ሐኖቨር ውስጥ ነበር፣ መረጃውም ለሶቪየቱ ኬጂቢ ይሸጥ ነበር።

ሁለተኛው የሶፍትዌር መሐንዲሱ አንድሬስ ፍሮይንድ ነው። በማርች 2024 በሌላ ሥራ ላይ ሳለ፣ በርቀት ወደ ማሽን መግቢያው ኤስኤስኤች ከወትሮው ግማሽ ሰከንድ ያህል ሲዘገይ አስተዋለ። ግማሽ ሰከንድ። ተከትሎት ሲሄድ ኤክስዜድ የተባለው የፋይል መጭመቂያ ፕሮግራም ውስጥ የተቀበረ የጓሮ በር አገኘ፤ ከሁለት ዓመት በላይ መልካም ረዳት መስሎ የፕሮጀክቱን እምነት ያገኘ ሰው የቀበረው። ብዙ ሰርቨሮች ወደሚሠሩባቸው ዋና ዋና የሊኑክስ እትሞች በስፋት ሊሰራጭ ጥቂት ነበር የቀረው።

ሁለቱም ጥቃት እየፈለጉ አልነበረም። የሚያውቁት የዕለት ተዕለቱን ነው፤ ሒሳቡ ስንት መምጣት እንዳለበት፣ መግባት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ። ያኔ ያንን የሁለት ሺህ ማስጠንቀቂያ ሣጥን መለስኩና በምትኩ በየጠዋቱ የምታተም አንዲት ገጽ አዘጋጀሁ፦ ትናንት ከእያንዳንዱ ክፍል ስንት ውሂብ ወጣ፣ አዲስ የታየ ዕቃ አለ ወይ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ የገባ ማነው። ቆሜ ነው የማነባት፤ አምስት ደቂቃ። ብዙውን ቀን አሰልቺ ናት። እንድትሆንልኝ የምፈልገውም እንደዚያ ነው።

ስለ ሰዎች ስሕተት ብዙ አልጽፍም፤ ስለዚህ ጉዳይ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ያበሳጨኛል። አንዲት ሠራተኛ በቀን መቶ ኢሜይል እንድትከፍት ተቀጥራ፣ መቶ አንደኛውን ስለከፈተች ትወቀሳለች። እኔም ወቅሻለሁ። ከዓመታት በፊት የሐሰት አባሪ የከፈተን አንድ ወጣት በሰው ፊት ተናገርኩት። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ «ተሳስቼ ተጫንኩ» የሚል ሰው ወደ እኔ መጥቶ አያውቅም፤ እኔም የሰው ጥንቃቄ ጨመረ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። የገባኝ አንድ ከሰዓት ከሒሳብ ክፍል የመጡት ሴትዮ በሬ ላይ ቆመው «ልጄ፣ እንዳትቆጣኝ እንጂ አንድ ነገር ልነግርህ ነበር» ሲሉኝ ነው። ሊንኩን የተጫኑት ከሦስት ቀን በፊት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ እኔን ፈርተው ነበር። የይለፍ ቃላቸውን ቀየርን፣ መዝገቡን አብረን አየን፤ ሊገባ የሞከረ ነበር፣ ከይለፍ ቃሉ ሌላ የሚጠየቀው ሁለተኛው የማረጋገጫ ቁልፍ አላሳለፈውም። «እንኳን ነገሩኝ» ስላቸው አላመኑኝም መሰለኝ፤ ሲወጡ ዞር ብለው አዩኝ።

ያ ሁለተኛ ቁልፍ ባይኖር ምን ሊሆን እንደሚችል ለማየት የ2021ዱን የኮሎኒያል ፓይፕላይን ጉዳይ ማስታወስ ይበቃል። የአሜሪካን ምሥራቃዊ ክፍል ነዳጅ የሚያቀብለው መስመር ለቀናት የቆመው አጥቂዎች ሁለተኛ ቁልፍ ባልነበረው አንድ የርቀት መግቢያ አካውንት ስለገቡ ነው። አካውንቱ ሥራ ላይ አልነበረም። አልተዘጋምም ነበር።

ከአሥራ ዘጠኙ «ለጊዜው» አሥራ ሰባቱን ዘግቻለሁ። አንዱ እውነትም እንደሚያስፈልግ ተረጋገጠና ማስታወሻው ተቀየረ። አንዱን ስዘጋው የሦስተኛው ፎቅ አታሚ ቆመ፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም፣ መልሼ ከፍቼው እየመረመርኩት ነው። አዲስ ደንብ ሲጻፍ የማለቂያ ቀን ከሌለው ሥርዓቱ እንዳይቀበለው አድርጌያለሁ፤ ቀኑ ሲደርስ ራሱ ይዘጋል።

ባለፈው ሳምንት ለአዲሱ መቅጃ አንድ ባለሙያ ደወለ። ድምፁ ሌላ ነው፣ ንግግሩ ግን ያው። «ሁሉንም ክፈትልኝ፣ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው።» የእሱን አድራሻ ብቻ፣ አንድ ፖርት ብቻ፣ ለሁለት ሰዓት ከፈትኩለት። እስካሁን ሦስት ጊዜ ደውሎ እንዳራዝምለት ጠይቆኛል።